መማሪያ ያደረጓት ሴት

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። የሚያዝንልኝ ሰው አጥቼ አላውቅም፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ ሆሳዕና ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠልኝ ነው ያለፈው። የምጽፈው ነገሩ ከተማው በሚያወራው መልክ ሳይሆን በሆነበት መልክ አንድ ቦታ ሰፍሮ እንዲቀመጥ ስለፈለግሁ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰላማዊት ነው። ፋርማሲ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የቆየ የግል ፋርማሲ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሼ ጳውሎስ ይባላሉ። ልጃቸው ናሆም ከፋርማሲው ፊት ለፊት ባለ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ እጮኛዬም ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ አክስቴ እሺ ብላ፣ ሠርጋችን ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። የናሆም እናት እትዬ አበባ ሰው ፊት ሲያስተዋውቁኝ «ልጄ ናት» ነበር የሚሉት። ያለ እናት ያደገ ሰው ይህችን ቃል ሲሰማ ውስጡ ምን እንደሚሆን፣ ያለ እናት ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ።

እናቴን አላውቃትም። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቷ እታገኝ ናት፤ እኔ «እታ» ነው የምላት። ስለ እናቴ የነገረችኝ ትንሽ ነው፤ ስሟ አማረች እንደነበር፣ ሆመቾ ትኖር እንደነበር፣ እኔን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ በወባ እንደሞተች። ፎቶ የላትም ወይ ብዬ በጠየቅሁ ቁጥር «በዚያን ጊዜ እኛን ማን ፎቶ ያነሳን ነበር?» ትለኝና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አምኛት ኖርኩ።

ፋርማሲውን የከፈቱት የጋሼ ጳውሎስ አባት ነበሩ። ድሬሰር ሆነው ቁስል ሲያክሙ፣ መርፌ ሲወጉ የኖሩ፣ አንዲት ወረቀት የማይጥሉ ሽማግሌ ነበሩ ይባላል። እሳቸው ሲሞቱ መጋዘኑ በድሮ የመድኃኒት ማስታወቂያና በጤና ማስተማሪያ ሥዕል ተሞልቶ ተገኘ። ጋሼ ጳውሎስ ይህን ሁሉ አስጠርገውና በፍሬም አሠርተው፣ የፋርማሲውን ምሥረታ ለማክበር በአንድ አዳራሽ ውስጥ ኤግዚቢሽን አዘጋጁ። ገላጭ እንድሆን የመረጡት እኔን ነው። «ድምፅሽ ያምራል፣ ባለሙያም ነሽ፣ የቤቱም ልጅ ነሽ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ለእያንዳንዱ ሥዕል የምናገረውን ራሳቸው ጻፉልኝ፤ እኔም እንደ መዝሙር ሸመደድኩት።

እውነቱን ለመናገር ኤግዚቢሽኑ ያምር ነበር። አንዱ የቆርቆሮ ማስታወቂያ ላይ ጡንቻው የፈረጠመ ሰው ረጅም የኮሶ ትል አንገቱን አንቆ ይዞ ይስቃል። በሌላው ላይ ጉንጩ የተነፋ የፈረንጅ ሕፃን ከዱቄት ወተት ጣሳ ጀርባ ብቅ ብሏል። ራሷን በሁለት እጇ የያዘች ሴት አለች፤ ከጎኗ ያችው ሴት ኪኒኑን ውጣ ጥርሷን ታሳያለች። የጤና ማስተማሪያዎቹ ደግሞ ሌላ ናቸው። ውሻ የምታህል ዝንብ ሰገራ ላይ ቆይታ የሰው ምግብ ላይ ታርፋለች። ወረድ ሲባል የራስ ቅልና የተሻገሩ አጥንቶች ያሉባቸው የኤድስ ፖስተሮች ይጀምራሉ።

በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ለብቻው የተሰቀለው ግን ሥዕል አልነበረም፤ ፎቶ ነው። አጥንቷ የቀረ ወጣት ሴት ከእንሰት ፊት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ተራቁቷል። ሕፃን ታቅፋ እያጠባች ቀና ብላ ካሜራውን ታያለች። ከበላይዋ በቀይ «የአንድ ቀን ደስታ፣ የሁለት ሰው ሞት» ተብሎ ተጽፏል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተማሪዎች ነበሩ የመጡት። ትሉን ሲያዩ ጮኹ፣ ዝንቧን ሲያዩ ሳቁ። መጨረሻው ግድግዳ ጋ ስንደርስ ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርጌ የተጻፈልኝን አልኩ።

«ይህች ሴት በመሸታ ቤት ያገኘችውን በሽታ ለራሷ ብቻ አላስቀረችም። ለጨቅላ ልጇም አወረሰች። በዚያን ዘመን የጤና ትምህርት ያልሰሙ ሰዎች መጨረሻቸው ይህ ነበር።»

አንዱ ተማሪ ጉንጩን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ትከሻውን አጥብቦ አስመሰላት። ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቄ መጥቶብኝ ፊቴን አዞርኩ። እትዬ አበባ ለእንግዶች ውሃ ሲያድሉ በአጠገቤ ሲያልፉ «ጎበዝ፣ አኮራሽኝ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

ወደ ቀትር ላይ ለቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ከገጠር የመጡ ሴቶች በአዳራሹ በኩል ሲያልፉ መግቢያው በነፃ መሆኑን ሰምተው ገቡ። እነሱንም እየመራሁ አስጎበኘሁ። ፎቶው ጋ ደርሼ ንግግሬን ስጨርስ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከመሀላቸው ወጥተው ፊቴ ቆሙ። ኋላ እንዳወቅሁት ስማቸው እማማ ዳመነች ነው።

«የኔ ልጅ፣ ይቺን ሴት ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

«አላውቃትም እማማ። የድሮ ፖስተር ነው።»

«የማታውቂያትን ሰው እንዴት ሸርሙጣ ናት ትያለሽ?»

«ኧረ እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«አልሽ እንጂ። መሸታ ቤት አልሽ። ይኸው በጆሮዬ ሰማሁሽ።»

እማማ ዳመነች ወደ ፎቶው ዞረው ለሕያው ሰው እንደሚናገር ሰው በሀዲይሳ ቋንቋ ሰላምታ ሰጧት። ከዚያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«አማረች ናት» አሉ። «የሆመቿ አማረች። የእሷን ቤትና የኔን ቤት አንድ አጥር ነው የሚለየው። መሸታ ቤት በደጁ አልፋ አታውቅም። የኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት።»

አማረች የሚባል ሰው በአገሩ ሞልቷል። ሆመቾም አንድ ሰው ብቻ አይደለም ያለው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ለማረጋጋት ስሞክር አፌ ቀደመኝ።

«ልጇስ? ሕፃኗስ ምን ሆነች?»

ማይክሮፎኑን አላጠፋሁትም ነበር። ጥያቄዬን አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

«ልጅቷንማ እህቷ እታገኝ ወደዚህ ሆሳዕና አምጥታ አሳደገቻት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ሰላማዊት ነበር የምንላት።»

ደረቴ ላይ ስሜ የተጻፈበት ባጅ ተንጠልጥሏል። እማማ ዳመነች ማንበብ አይችሉም። ከኋላቸው የቆመች ወጣት ሴት ግን አነበበችውና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ የጎኗን ሴት ነካች፤ ያቺም ሌላዋን ነካች። ዓይን ሁሉ ከፎቶው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ፎቶው መመላለስ ጀመረ። እኔም ዞሬ አየሁ። የእኔ ግንባር ነው። የእኔ አገጭ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ከጎኔ ቆሞ አላየሁትም።

እትዬ አበባ የውሃ ካርቶን ይዘው ቆመው ነበር። መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥለው ፎቶውን አዩ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። ጠዋት ጉንጬን የሳሙበትን አፍ።

ጋሼ ጳውሎስን ከመድረኩ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል አገኘኋቸው። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«ጋሼ፣ ይነሳልኝ» አልኳቸው። «ሌላ ምንም አልፈልግም። እሱ አንዱ ይነሳ።»

«ተቀመጪ እስቲ ሰላም። ተረጋጊ።»

«እናቴ ናት ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ። ያሳዝናል። ግን ነገ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ እሱ ነው፤ ሌላው ሥዕል ነው፣ እሱ የእውነት ሰው ነው። ይህ ታሪክ ነው ልጄ፣ ታሪክ ከግድግዳ አይነሳም።»

«መሸታ ቤት ነበረች ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ያው… ገለጻው እንዲጥም ነው እንጂ ማን ይነግረኛል። ያለዚያ ሰው አይገባውም።»

በባጃጅ ወደ ቤት ስሄድ ዝናብ ይጥል ነበር። እታ በረንዳው ላይ በሳፋ ልብስ እያጠበች አገኘኋት። ሳልቀመጥ፣ ሰላም ሳልላት ነው የጠየቅኋት።

«እታ፣ እናቴ ፎቶ ተነስታ ታውቃለች?»

እጇ ሳሙናው ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ማን ነገረሽ?»

«ዳመነች የሚባሉ ሴትዮ።»

«ዳመነች አለች እንዴ? በሕይወት አለች?» አለች። ከዚያ ተመልሳ ማጠብ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የነገረችኝ እያጠበች ነው፤ አንዱን ሸሚዝ ደጋግማ፣ ንጹሕ የሆነውን።

«ያስላት ነበር» አለች። «አንቺን ከወለደች በኋላ ባሰባት። ክሊኒክ ወሰድኳት። ሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ይድናል አሉ። ግን ለብዙ ወር በየቀኑ እየመጣች እኛ ፊት ትዋጥ አሉ። ጀመረች። ሰላም፣ ሙች እልሻለሁ፣ ሥጋ መመለስ ጀምራ ነበር። ሳሉም ቀንሶላት ነበር።»

«ፎቶውስ?»

«ገና መድኃኒቱን ስትጀምር ሰዎች በመኪና መጡ። የታመሙትን አንስተን ለሚረዱ ሰዎች እናሳያለን፣ መድኃኒት ይመጣል አሉ። እሷ አልፈለገችም። ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። እንዲህማ ምኑም አይታይም አሉ።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ነኝ ያወረድኩት።»

«ምኑን?»

«ነጠላውን። ከትከሻዋ ላይ። 'እስቲ አጥቢያት፣ እንዲህ ካዩሽ ያዝኑልሻል' ያልኳት እኔ ነኝ። እኔን አምና ነው የተነሳችው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እታ ሸሚዙን ጨምቃ እንደገና ውሃው ውስጥ ከተተችው።

«ከወራት በኋላ መድኃኒቷን ልትውጥ ስትሄድ ክሊኒኩ በር ላይ ተለጥፋ ራሷን አገኘችው። አብሬያት ነበርኩ። እኔ ማንበብ አልችልም። እሷ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። ለእኔ ያነበበችልኝ እሷ ናት። ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሁለት ጊዜ። እኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር፣ ሰው ሲሸሻት ነው የገባኝ።»

«በሽታው ኤድስ ነው ያለው ማን ነው?»

«ወረቀቱ ነዋ! ደሟን የወሰደ ሰው የለም። ገበያ ላይ ቅቤዋን የሚገዛት ጠፋ። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሴቶቹ እንስራቸውን እያነሱ ይበተናሉ። አባትሽ ልብሱን ሰብስቦ እርሻ ሥራ ላግኝ ብሎ ወጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ። እሷም ክሊኒክ መሄድ ተወች። 'በዚያ በር ደግሜ ከማልፍ እዚሁ ልሙት' አለችኝ። ለመንኳት። ዳመነችም ለመነቻት። እምቢ አለች።»

ይህን የምታነቡ የሙያ አጋሮቼ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ተጀምሮ መሀል ላይ ሲቋረጥ ምን እንደሚያደርግ እኔ አልነግራችሁም። ሌሎቻችሁ ይህን ብቻ እወቁ፤ እናቴ የምትድን ሰው ነበረች።

«ማን ቀበራት?» አልኳት።

«እኔና ዳመነች። ሰው ሬሳዋን ለማጠብ እንኳን ፈራ።» አሁን ነው ቀና ብላ ያየችኝ። «ወባ ነው ያልኩሽ ሰው እንዳይሸሽሽ ብዬ ነው። ሰላም፣ አትጥይኝ።»

አልፌያት ወደ ውስጥ ገባሁ። ያን ዕለት እንደምጠላት ወይም እንደማልጠላት እንኳን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በማለዳ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ጥበቃው ያውቀኛል፤ ከፈተልኝ። ሰው በሌለበት እናቴ ፊት ቆምኩ። ምን እንደምላት አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ቃሉ አልወጣልኝም፤ ትናንት ግን ያን ሁሉ ያለ ምንም ችግር ተናግሬ ነበር። ስልኬን አወጣሁና ጽሑፉ እንዳይገባ፣ ትከሻዋም እንዳይገባ አድርጌ ፊቷን ብቻ አነሳሁ።

ናሆም ከኋላዬ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ደውዬለት አላነሳም ነበር። ያቅፈኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

«እማዬ አልተኛችም» አለ።

«እኔም አልተኛሁም።»

«አውቃለሁ። ሰላም፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለእሷ እንዲረጋላት ብቻ… ክሊኒክ መጥተሽ ለምርመራ ደም ብትሰጪ።»

«ናሆም፣ አንተ የላብራቶሪ ሰው ነህ። ከእናቴ ይዞኝ ቢሆን ኖሮ ያለ መድኃኒት ይህን ያህል ዘመን በጤና እኖር ነበር?»

«እኔ አውቃለሁ። ለእሷ ነው።»

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ሠርጌን ስለፈለግሁት ይመስለኛል። ክሊኒኩ ውስጥ እትዬ አበባ ወንበር ይዘው ተቀምጠው ጠበቁኝ። ናሆም ጓንት አጠለቀ፤ በላዩ ላይ ሌላ ጓንት ደገመ። በሌላ ጊዜ በጣቶቹ የሚነካካውን ጣቴን በጥጥ ይዞ ወጋው። ውጤቱ እስኪወጣ እትዬ አበባ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። የሚጸልዩት ነፃ እንድሆን ይሁን ወይስ እንዳልሆን ለማወቅ አልቻልኩም።

«ነፃ ናት» አለ ናሆም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ እትዬ አበባ። እፎይ አልኩ። ከዚያ ቀጠሉ። «እኛማ አወቅን። ለሰው ግን ምን ብለን እንነግረዋለን? የሠርጉ ቀን በየወንበሩ እየዞርን ወረቀት እናሳያለን?»

ናሆም ጓንቱን አውልቆ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለ።

«ለማንኛውም ዛሬ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። «እንግዶቹ እየመጡ ነው። ልጄን በሰው ፊት እንዳታሳፍሪው።»

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ከዞን የመጡት እንግዶች ከፊት፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች ከጎን። ትሉን፣ የዱቄት ወተቱን፣ ዝንቧን እንደተጻፈልኝ ገለጽኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ጋሼ ጳውሎስ ከኋላ ሆነው በደስታ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሺ ብላ ተመለሰች ብለው ነው። መጨረሻው ግድግዳ ጋ ደረስን።

«ይህች ሴት አማረች ትባላለች» አልኩ። «የሆመቾ ሰው ናት። የታመመችው ሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒት ጀምራ እየዳነች ነበር። መድኃኒት ይመጣልሻል ብለው ፎቶ አነሷትና ይህን ጽፈው መድኃኒቷን በምትወስድበት በር ላይ ለጠፏት። ከዚያ በኋላ በዚያ በር አላለፈችም። ሞተች። የታቀፈቻት ልጅ እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ከእንግዶቹ የበላይ የሚመስሉት ሰውዬ ወደ ጋሼ ጳውሎስ ዞረው «ይሄ… ድራማ ነገር ነው? የፕሮግራሙ አካል ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌሎቹም ተከተሉት። ለእናቴ ሞት አጨበጨቡ፤ በደንብ የተጠና ትርኢት መስሏቸው።

ያን ጊዜ ነው የተቆጣሁት። ማይክሮፎኑን ጥዬ ፍሬሙን በሁለት እጄ ያዝኩና ከግድግዳው ነቀልኩት። ከቁመቴ ሊተካከል ምንም አልቀረው። ደረቴ ላይ አስደግፌ ወደ በሩ መሄድ ጀመርኩ። «ያዟት!» አሉ ጋሼ ጳውሎስ። ጥበቃው አመነታ። የመጣው ናሆም ነው። ፊቱን ሳየው የሚረዳኝ መስሎኝ ቆምኩ። እሱ ግን ፍሬሙ ላይ የተጣበቁትን ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈ አላቀቃቸው። ጠዋት የወጋው ጣቴ እንደገና ደማ፤ ደሙ መስተዋቱ ላይ ቀረ። ናሆም ደሙን ሲያይ ፍሬሙን ለጥበቃው ለቆ እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። ነፃ መሆኔን በዓይኑ ያየው እሱ ነው።

ከኋላዬ የጋሼ ጳውሎስን ድምፅ በማይክሮፎን ሰማሁ። «ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ሠራተኛችን ትንሽ አሟታል።» «ልጃችን» ሲሉኝ የቆዩት ሰው «ሠራተኛችን» አሉኝ። እኔ በር ላይ ሳለሁ ፖስተሩ ተመልሶ ተሰቀለ። ካሜራ የያዙት እየተጋፉ ያነሱት ነበር፤ ካለፈው ይልቅ አሁን የሚታይ ነገር ሆኗል።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ወደ እታ ቤት ተመልሰው መጡ። ጋብቻው የእግዚአብሔር ፈቃድ እንዳልሆነ በጸሎት ተረድተናል አሉ። ሥራዬም አብሮ ቀረ። ፖስተሩ እንዲነሳ ጤና ቢሮ ሄጄ አመለከትኩ። አንድ ጨዋ የሆኑ ሰውዬ በትሕትና ሰምተውኝ ሲያበቁ «ቅሬታውን ማቅረብ ያለባት የፎቶው ባለቤት ናት፤ እሷ ራሷ ትቅረብ» አሉኝ። ሞታለች አልኳቸው። «እንግዲያው ቅሬታ አቅራቢ የለም ማለት ነው» አሉ። ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ፖስተሩን ወደ ፋርማሲው ወሰዱት፤ እናቴ እስከ ዛሬ እዚያ ግድግዳ ላይ አለች። መድኃኒት የሚገዛ ሰው ተራውን ሲጠብቅ ያያታል።

አሁን የምሠራው ሀደሮ ከተማ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ስለ ሆሳዕናው ነገር የሚያውቀኝ ሰው እዚህ ብዙ የለም። በመድኃኒት መስጫው መስኮት ስቀመጥ ከመስኮቱ ወዲያ የሚለጠፈውን ሁሉ አያለሁ። የታመመ ሰው ፎቶ ያለበት ከመጣ «ይህ ሰው ማነው? ተጠይቋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ችኮ ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ፖስተሩም ይለጠፋል። ለውጥ አመጣሁ ብዬ አላታልላችሁም። እናንተም ነገ በአንድ ጤና ጣቢያ በር ስታልፉ ያንን ፊት አይታችሁ «ምስኪን» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔም ሳልፍ ነው የኖርኩት፤ ማለፍ ብቻ ሳይሆን በማይክሮፎን ተናግሬባታለሁ። ያ ጠዋት ከእኔ ላይ የወሰደው እጮኛዬን ወይም ሥራዬን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አንድ ሰው በጥሩ ድምፅ ሲያስረዳ ስሰማ ማመን አቅቶኛል። የራሴን ድምፅ ጭምር።

እማማ ዳመነች እናቴ የተቀበረችበትን ሊያሳዩኝ ሆመቾ ወስደውኝ ነበር። ቦታው ተሸጦ ቤት ተሠርቶበታል። የቤቱ ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ወንበር አወጡልን። የት ጋ እንደሆነ በትክክል ለማሳየት እማማ ዳመነች ግቢውን ዞረው ዞረው አጡት።

ለእታ በየወሩ የደም ግፊት መድኃኒቷን ይዤላት ሆሳዕና እሄዳለሁ። በር ላይ እሰጣታለሁ፤ «ግቢ፣ ቆጮ አለ» ስትለኝ መኪና ያመልጠኛል እላታለሁ። ዘመድ ሁሉ ይቆጣኛል፤ ያሳደገችሽ እሷ ናት ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ይቅር ብያታለሁ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር።

ባለፈው ወር ስሄድ በጣም ደክማ፣ በሩን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ። ዓይኗም እየደከመ ነው።

«ሰላም» አለችኝ። «መልኳ ጠፋኝ። በሐሳቤ ልሳላት እሞክራለሁ፣ እምቢ ይለኛል። ስትስቅ አስታውሳለሁ፣ ፊቷ ግን የለም። ያን ቀን አንስተሻት ይሆናል ብዬ ነው። ፎቶዋ አለሽ?»

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። መክፈት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ ፊቷ ብቻ ነው ያለው፣ ጽሑፉም ትከሻዋም የለም። እታ አንገቷን ወደ እጄ ሰገግ አድርጋ ጠበቀች።

«የለኝም» አልኳት።

«ይሁን» አለችኝ። መድኃኒቷን ተቀብላ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ወደ ውስጥ ገባች።